ኳድራቲክ እኩልታ ሲመጣ የቱን መንገድ ልያዝ?

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሁድ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ እስቲ ይሄን ቼክ አድርግልኝ።»

ጥያቄው ቀ² = 49 ይላል። እሷ 49ኙን ወደ ግራ አሻግራ፣ ሀ አንድ፣ ለ ዜሮ፣ ሐ ማይነስ 49 ብላ ጽፋለች። ከዚያ ፎርሙላ ውስጥ አስገብታ፣ የ196ን ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ፈልጋ፣ 14 አግኝታ፣ ለሁለት አካፍላ 7 እና −7 ላይ ደርሳለች። ግማሽ ገጽ ፈጅቷል። መልሱ ልክ ነው።

«ለምን እንዲህ ደከምሽ?» አልኳት።

«ቲቸር ፎርሙላው ሁሉንም ይፈታል ብሎናል።»

እውነቱን ነው፣ ይፈታል። ግን ጎረቤት ጨው ለመበደር በታክሲ አይኬድም። የኳድራቲክ ትምህርት አምስት ስድስት መንገድ ያስተምርና፣ የትኛው መቼ እንደሚያዋጣ ሳይነግር ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ተማሪውም ወይ ሁሉንም በፎርሙላ ይደበድባል፣ ወይ የማይበተነውን ለመበተን ሲታገል ሰዓቱ ያልቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ምርጫው ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። ክፍል ውስጥ ኤክስ የምንለውን እዚህ ቀ እለዋለሁ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባሉት ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ መልኩ ሀቀ² + ለቀ + ሐ = 0 ነው። ሀ ዜሮ መሆን አይችልም። ዜሮ ከሆነ ቀ² ይጠፋና ተራ መስመራዊ እኩልታ ይቀራል።

መጀመሪያ የጎደለውን ፈልጉ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት እኩልታውን እዩት። ከሦስቱ ቁራጮች የጎደለ አለ?

መካከለኛው፣ ማለትም ለ ያለበት፣ ከጎደለ ዳግም ዘር ማውጣት ብቻ ነው። 3ቀ² = 75 ከሆነ ቀ² = 25፣ ስለዚህ ቀ ወይ 5 ወይ −5 ነው። አለቀ። ተማሪዎች እዚህ ጋ የሚሳሳቱት ማይነሱን በመርሳት ነው፤ 5 ብለው ጽፈው ያልፋሉ። ቀ² = −9 ቢመጣ ደግሞ በተራው ቁጥር ዓለም መልስ የለውም፤ የትኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ማይነስ አይሰጥም።

ይሄው መንገድ (ቀ − 3)² = 20 ላይም ይሠራል። አብዛኛው ሰው ግን ቅንፍ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል፤ ወዲያው ይዘረግፈዋል። አትንኩት። ሁለቱንም ጎን ዳግም ዘር አውጡ። ቀ − 3 = ±2√5፣ ስለዚህ ቀ = 3 ± 2√5። ብትዘረግፉት ኖሮ ቀ² − 6ቀ − 11 = 0 ላይ ትደርሱና እንደገና መሰብሰብ ይኖርባችሁ ነበር።

የጎደለው መጨረሻው፣ ማለትም ሐ፣ ከሆነ ደግሞ ቀን የጋራ አድርጋችሁ አውጡ። ቀ² = 5ቀ ከሆነ፣ ቀ² − 5ቀ = 0፣ ቀ(ቀ − 5) = 0፣ መልሱ 0 እና 5። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ይቺን ሁለቱንም ጎን ለቀ አካፍዬ «ቀ = 5» ብዬ በኩራት አስረክቤአለሁ። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «ዜሮን የት ጣልከው?» ብሎ ጽፎ ግማሽ ማርክ ወሰደብኝ። ለቀ ማካፈል የሚቻለው ቀ ዜሮ አለመሆኑን ስናውቅ ነው። እዚህ ደግሞ አንደኛው መልስ ራሱ ዜሮ ነው።

ፋክተር ማድረግ፦ ሲሠራ ይጣፍጣል

ሦስቱም ቁራጭ ካሉ እና ሀ አንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሞከረው ፋክተር ማድረግ፣ ማለትም ወደ ሁለት የሚባዙ ቅንፎች መበተን ነው።

የቦታ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አራት ማዕዘን ቦታ ስፋቱ 120 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ ከወርዱ በ7 ሜትር ይበልጣል። ወርዱ ስንት ነው? ወርዱን ቀ ካልነው ርዝመቱ ቀ + 7 ነው። ሲባዙ 120 ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ቀ² + 7ቀ − 120 = 0። አሁን የምንፈልገው ሲባዙ −120፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ነው። 15 እና −8 ናቸው። (ቀ + 15)(ቀ − 8) = 0፣ ስለዚህ ቀ ወይ −15 ወይ 8 ነው። ወርዱ ማይነስ 15 ሜትር ለሆነ ቦታ ካርታ የሚያወጣ ስለሌለ መልሱ 8 ነው፤ ርዝመቱ 15።

የዚህ መንገድ ሚስጥር ዜሮው ነው። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ፣ አንዳቸው የግድ ዜሮ ናቸው። በቀኝ በኩል ሌላ ቁጥር ካለ ይሄ አይሠራም። (ቀ − 2)(ቀ − 3) = 6 ሲሰጣቸው ቀ − 2 = 6 እና ቀ − 3 = 6 ብለው 8 እና 9 የሚጽፉ ብዙ ናቸው። 8ን መልሳችሁ አስገቡት፤ 6 × 5 = 30 ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ ዘርግፎ 6ቱን ማሻገር ነው። ቀ² − 5ቀ = 0 ይሆንና መልሱ 0 እና 5 ነው።

ድክመቱ ግምት መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ጥንዶቹ በአንድ እይታ ይታያሉ። ቀ² − 26ቀ + 165 ሲመጣ ግን የ165ን ጥንዶች መዘርዘር ይጀመራል። ሀ ከአንድ ሲበልጥ ደግሞ ይብሳል። 6ቀ² + ቀ − 12 = 0 ላይ 6 ጊዜ −12፣ −72 ነው። ሲባዙ −72፣ ሲደመሩ 1 የሚሆኑት 9 እና −8 ናቸው። መካከለኛውን በእነሱ ከፍላችሁ 6ቀ² + 9ቀ − 8ቀ − 12፣ ከዚያ (3ቀ − 4)(2ቀ + 3) ላይ ትደርሳላችሁ። ያምራል። ግን 9 እና −8 ወዲያው ካልታዩአችሁ ራፍ ወረቀቱ በጥንዶች ይሞላል። እኔ ሀ አንድ ካልሆነ ለጥንድ ፍለጋ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልሰጥም።

ከመሃል መነሳት፦ ግምት የሌለበት ፋክተር

ብዙ መምህር ይህን መንገድ አያስተምርም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆነው ፖ-ሸን ሎ ሲያሰራጨው ብዙ ተወርቶለታል። ሐሳቡ ራሱ ግን በጣም የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1800 ዓመት አካባቢ የባቢሎን ጸሐፊዎች በሸክላ ጽላት ላይ ድምራቸውና ብዜታቸው የታወቀ ሁለት ቁጥሮችን ሲፈልጉ ከድምሩ ግማሽ ይነሱ ነበር።

ያችኑ ቀ² − 26ቀ + 165 = 0 እንያት። ሁለቱ መልሶች ሲደመሩ 26 ናቸው፤ የመካከለኛው ቁጥር ምልክት ይገለበጣል። ስለዚህ መሃላቸው 13 ነው። አንደኛው ከ13 ትንሽ ይበልጣል፣ ሌላኛው በዚያው ልክ ያንሳል። ልዩነቱን መ እንበለው። መልሶቹ 13 + መ እና 13 − መ ናቸው፤ ሲባዙ 169 − መ² ይሰጣሉ። ያ ደግሞ 165 መሆን አለበት። መ² = 4፣ መ = 2። መልሱ 15 እና 11። አንድም ጥንድ አልገመትንም።

መልሱ ሙሉ ቁጥር ባይሆንም አይጨንቀውም። ቀ² − 8ቀ + 13 = 0 ላይ መሃሉ 4 ነው። 16 − መ² = 13፣ ስለዚህ መ² = 3፣ መልሱ 4 ± √3። ይህን በተራው ፋክተር ልትበትኑት ብትሞክሩ እስከ ነገ ጥንድ አታገኙም።

ሀ አንድ ካልሆነ በመጀመሪያ ሁሉንም ለሀ ማካፈል ያስፈልጋል። ያኔ ክፍልፋይ ይመጣና ውበቱ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ለፎርሙላው ቦታ እለቃለሁ።

ስኩዌሩን መሙላት፦ መቼ ይጠቅማል?

ስሙ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ነው፤ ተማሪው በጣም የሚጠላው ይሄ ነው። የሚጠላው ምስሉን ስለማያሳዩት ይመስለኛል። ምስሉን የሳለው እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ ባግዳድ ይሠራ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ ነው። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው እሱ በጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ ካለው አል-ጀብር ከሚል ቃል ነው። ጥያቄው ቀ² + 10ቀ = 39 ነበር።

ጎኑ ቀ የሆነ ካሬ ምንጣፍ ወለል ላይ ዘርጉ። 10ቀን ለሁለት ክፈሉት፤ ወርዳቸው 5፣ ርዝመታቸው ቀ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይሆናሉ። አንዱን ከምንጣፉ በስተቀኝ፣ ሌላውን ከግርጌ አስጠጉ። ሁሉም አንድ ላይ ስፋቱ 39 ነው። ትልቅ ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የቀኙ ጥግ ግርጌ ላይ ብቻ 5 በ5 የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ያንን በ25 ሙሉት። 39 እና 25፣ 64። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ጎኑ ደግሞ ቀ + 5 ነው። ስለዚህ ቀ = 3። አል-ኸዋሪዝሚ እዚህ ጋ አቆመ፤ ጎኑ −13 የሆነ ምንጣፍ እሱ ዘንድ የለም። እኛ ግን −13ንም እንጽፋለን፤ ቀ + 5 = −8 ማለትም ይቻላልና።

አሁን ምርጫው ላይ እንምጣ። እኩልታ ለመፍታት ብቻ ከሆነ ይህን መንገድ አልመርጥም። ከመሃል መነሳት ያንኑ ሥራ ባነሰ ጽሑፍ ይሠራል። የሚያስፈልገው ጥያቄው ከመልሱ በላይ ሲፈልግ ነው። ለምሳሌ የቀ² − 6ቀ + 11 ትንሹ ዋጋ ስንት ነው ቢባል፣ (ቀ − 3)² + 2 ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። ካሬው ከዜሮ አይወርድም፤ ስለዚህ ትንሹ ዋጋ 2 ነው፣ እሱም ቀ 3 ሲሆን። ይህ ነገር ዜሮ እንደማይነካም በዚያው አወቃችሁ። በኋላ የክብ እኩልታ ሲመጣ መሃሉንና ሬዲየሱን የምታወጡትም በዚሁ ነው።

ፎርሙላው ራሱም ከዚህ የተገኘ ነው። በቁጥሮች ምትክ ሀ፣ ለ፣ ሐን አስቀምጣችሁ ስኩዌሩን ብትሞሉ ፎርሙላው ይወጣል። አንድ ጊዜ በእጃችሁ አውጡት። ፈተና ላይ ብትረሱት መልሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ፎርሙላው፦ የማያሳፍር፣ ግን ምልክት የሚያሳስት

ቀ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ)) ÷ 2ሀ

ሁሉንም ይፈታል። ስህተት የሚበዛውም እሱ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ 3ቀ² − 5ቀ − 1 = 0 ነበር። ለ ማይነስ 5 ስለሆነ −ለ ፕላስ 5 ነው፤ ይሄን ልክ አድርጋዋለች። ቀጥሎ ግን 25 − 12 ብላ 13 ጻፈች። ሐ ማይነስ 1 ነው፤ ማይነስ 4 ጊዜ 3 ጊዜ ማይነስ 1 ፕላስ 12 ይሆናል። 25 እና 12፣ 37። መልሱ (5 ± √37) ÷ 6 ነው፤ በግምት 1.85 እና −0.18። ሌላው ወጥመድ የማካፈያው መስመር ነው። 2ሀ ከሥር የሚገባው ለሁሉም ነው። ብዙ ሰው መስመሩን አሳጥሮ ከዳግም ዘሩ ሥር ብቻ ያሰምረዋል፤ 5ቱ ብቻውን ውጭ ይቀራል።

እኔ የምመክረው ሀን፣ ለን እና ሐን ከነምልክታቸው ጎን ላይ ለየብቻ መጻፍ ነው። ከዚያ ሙሉውን ፎርሙላ ሳይሆን የዳግም ዘሩን ውስጥ ብቻ፣ ማለትም ዲስክሪሚናንቱን፣ መጀመሪያ አስሉ። እሱ ብዙ ይናገራል። ከዜሮ በታች ከሆነ ተራ ቁጥር የሆነ መልስ የለም፤ እርሳሱን አስቀምጡ። ዜሮ ከሆነ መልሱ አንድ ነው። እንደ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ያለ ሙሉ ካሬ ከሆነና ሀ፣ ለ፣ ሐ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ፣ እኩልታው ፋክተር ይሆናል። ካልሆነ ጥንድ ፍለጋውን ተዉት፤ የለም።

ቅድም ያየናትን 6ቀ² + ቀ − 12 እዚህ አምጧት። 1 + 288 = 289፣ የ17 ካሬ ነው። ስለዚህ ፋክተር ይሆናል። ግን እውነቱን ለመናገር 17ን ካገኛችሁ በኋላ ፋክተር ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? (−1 ± 17) ÷ 12 ብላችሁ 4/3 እና −3/2 ላይ ደርሳችኋል። ሀ አንድ ካልሆነ ፎርሙላው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ክፍልፋይ ወይም ነጥብ ያላቸው ከሆኑ ከሁሉም በፊት አጽዱ። 0.5ቀ² + 1.5ቀ − 2 = 0ን በ2 አባዙት፤ ቀ² + 3ቀ − 4 = 0 ይሆናል። 1 እና −4። ፎርሙላ ውስጥ 0.5 ይዞ መግባት ችግር መጥራት ነው።

ግራፍ፣ ካልኩሌተር እና ፈተና

የምትፈተኑት የት እንደሆነም ምርጫውን ይለውጠዋል። ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር የለም፤ ጥያቄው ምርጫ ነው። ስለዚህ መልሱን ከመፍታት ማረጋገጥ የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሁለቱ መልሶች ድምር −ለ/ሀ፣ ብዜታቸው ሐ/ሀ ነው። 2ቀ² − 9ቀ + 4 = 0 ከሆነ ድምሩ 4.5፣ ብዜቱ 2 መሆን አለበት። ከአማራጮቹ ውስጥ 4 እና 1/2ን ካያችሁ አክብቡና እለፉ። ጥያቄው «የመልሶቹ ድምር ስንት ነው?» ካለ ደግሞ ጭራሽ መፍታት አያስፈልግም።

ሌላ ትንሽ ብልሃት አለች። ሦስቱን ቁጥሮች ደምሯቸው፤ ዜሮ ከሰጡ አንደኛው መልስ 1 ነው፣ ሌላኛው ሐ/ሀ። 7ቀ² − 12ቀ + 5 = 0 ላይ 7 − 12 + 5 ዜሮ ነው። መልሱ 1 እና 5/7። ሦስት ሰከንድ ነው፤ ካልሠራ ምንም አልከሰራችሁም።

አሜሪካ ያሉ ልጆች ግን ሌላ ነገር አላቸው። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አሁን በኮምፒዩተር ሲሰጥ ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር እዚያው ውስጥ ነው። እኩልታውን ጽፎ ኩርባው አግድሙን መስመር የሚነካበትን ማየት ነው። የምልክት ስህተት አይኖርም። ችግሩ መልሱ √ ያለበት ሲሆን ነው። ግራፉ 1.847 ይላል፣ አማራጮቹ ግን (5 + √37) ÷ 6 ይላሉ። ያኔ እያንዳንዱን አማራጭ ወደ ነጥብ ቁጥር ለውጦ ማነጻጸር ይጠይቃል። ጥያቄው ሀን ወይም ሐን ሳያሳውቅ «መልስ አንድ ብቻ እንዲኖረው ሐ ስንት ይሁን?» ካለም በዲስክሪሚናንት መሄድ ይፈጥናል።

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በአንድ ቁጭታ አልነገርኳትም። አምስት እኩልታ ጻፍኩላትና «አትፍቺ፣ መንገዱን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

ቀ² − 64 = 0ን ገና ሳልጨርስ «ዳግም ዘር» አለች። 4ቀ² = 12ቀ ላይ ትንሽ ቆማ «ማካፈል… አይ፣ ቀን ማውጣት» አለች፤ ዜሮዋ ተረፈች። ቀ² + 2ቀ − 35 ፋክተር። ቀ² − 14ቀ + 46 ላይ የ46ን ጥንዶች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። 2 እና 23፣ 1 እና 46። ከዚያ አሰበችና «መሃሉ 7 ነው፣ 49 ሲቀነስ 46… √3» አለች።

አምስተኛው 5ቀ² + 3ቀ + 2 = 0 ነበር። «ይሄስ ፎርሙላ ነው» ብላ ቸኮለች። ጎን ላይ ሀ 5፣ ለ 3፣ ሐ 2 ብላ ጻፈች። 9 ሲቀነስ 40። −31ን አይታ ቀና አለች።

«መልስ የለውም አይደል?»

«የለውም።»

ደብተሯን ዘጋች። በረካው እየተቀዳ ነበር።